የታችኛው የዓይን ቆብ ከኦፕሬሽን በኋላ ሲያስቸግር፦ ከከተማ ዳር ለምንኖር

ከዓይናችሁ ስር ያለውን ከረጢት ወይ የላላ ቆዳ በኦፕሬሽን አስነስታችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ መስታወት ፊት ቆማችሁ "ይሄ ነገር ጤነኛ ነው ወይስ ተበላሽቷል" እያላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። ሐኪሞቹ ብሌፋሮፕላስቲ ይሉታል፣ የላይኛውም የታችኛውም ቆብ ይሰራል፣ ግን ብዙ ጣጣ የሚያመጣው የታችኛው ነው፣ ምክንያቱም የላይኛው ሲከደን የራሱ ክብደት ያግዘዋል፣ የታችኛው ግን ቀኑን ሙሉ ወደ ታች ከሚስበው ነገር ጋር እየታገለ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ቆዳው ትንሽ በዝቶ ከተቆረጠ ወይ ውስጡን ጠባሳ ከያዘው በቃ ይጎተታል።

እኔ የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ሰፈር ውስጥ "ሲስተር" ስለሚሉኝ ማታ ማታ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም። ኢስታንቡል ወይ ዱባይ ሄደው ተሰርተው የመጡ አሉ፣ እዚሁ ከተማ የተሰሩም አሉ። መልሴ ሁሌም ከአንድ ጥያቄ ነው የሚጀምረው፦ ያጋጠማችሁ ነገር በሰዓት የሚለካ ነው፣ በቀን ነው ወይስ በወር? በሰዓት የሚለካውን ቤት ቁጭ ብላችሁ ከጠበቃችሁት ዓይን ይጠፋል፣ በወር የሚለካውን ደግሞ ተቻኩላችሁ ድጋሚ ካስቆረጣችሁት ይብስበታል። የሰው ጭንቀት ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፣ በሁለተኛው ሳምንት ቆቡ ትንሽ ወረደ ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ዓይኑ ተወጥሮ ሲያመው "ኦፕሬሽን ነው ያው ያማል" ብሎ ተኝቶ ነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ የምትኖሩ፣ ኦፕሬሽኑ እንዳለቀ "ቤቴ ገብቼ ልረፍ" ብላችሁ በዛው ቀን አትመለሱ። ቢያንስ የመጀመሪያዋን ሌሊት ከተሰራችሁበት ቦታ ቅርብ የሆነ ዘመድ ጋር ወይ ፔንሲዮን እደሩ። ምክንያቱ ደም ነው። ብርቅ ነው፣ 2,000 ሰው ቢሰራ አንድ ሰው ገደማ ላይ ነው የሚያጋጥመው፣ ከነሱም ውስጥ ዓይኑ ለዘለቄታው የሚጠፋው ጥቂቱ ነው። ግን ሲያጋጥም ደሙ ከዓይን ኳስ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ቦታው በአጥንት የታጠረ ስለሆነ ደሙ ሌላ መሄጃ የለውም፣ ዓይኑን ወደ ፊት እየገፋ ለሬቲናው (ብርሃን ለሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) እና ለዓይን ነርቩ የሚደርሰውን የደም ዝውውር ያፍነዋል። በዚህ ሁኔታ ዓይን ሳይጎዳ የሚቆየው 90 ደቂቃ ገደማ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። አሁን ከማታው 4 ሰዓት ላይ ኮዬ ፈጬ መኪና ፈልጋችሁ፣ ቃሊቲን አልፋችሁ፣ የዓይን ሐኪም ያለበት ድንገተኛ ክፍል እስክትደርሱ ያለውን አስቡት፣ ደቂቃው መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው።

አብዛኛው እንዲህ አይነት መድማት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት። ከዛ በኋላም አልፎ አልፎ ይመጣል፣ በተለይ ሰውየው ከባድ ነገር ካነሳ ወይ ካማጠ። ምልክቱን ከተራው እብጠት መለየት አለባችሁ። ሁለቱም ዓይን ስር መጥቆር፣ ማበጥ፣ መወጠር፣ ትንሽ ማቃጠል የተለመደ ነው፣ እንደውም እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጨምሮ ነው የሚቀንሰው። የሚያስፈራው አንዱ ዓይን ብቻ ከሌላው ተለይቶ በፍጥነት ሲያብጥ፣ ህመሙ ጥልቅ ሆኖ ፓራሲታሞል ሲወሰድም አልበርድ ሲል፣ ዓይኑ ወደ ውጭ የተገፋ ሲመስል፣ ቆቡ ሲነካ እንደ ድንጋይ ሲደርቅ፣ እይታ ሲደበዝዝ ወይ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ ነው።

ስለዚህ ያን ሌሊት አብሯችሁ የሚያድር ሰው ይኑር፣ ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት በየሰዓቱ፣ ሌሊት ደግሞ ሁለት ሦስቴ ተቀስቅሳችሁ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሳትጫኑ ሸፈን አድርጋችሁ በሌላው ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አንብቡ። ከዛ ቀይ ነገር ያዙ፣ የለስላሳ ክዳንም ይሁን ቀይ ሻርፕ፣ በአንዱ ዓይን ስታዩት ደማቅ ቀይ ሆኖ በሌላው የደበዘዘ ወይ ቡኒ ከመሰላችሁ ነርቩ እየተጨነቀ ሊሆን ይችላል። ቅባት ተቀብታችሁ ከሆነ ግን ቅባቱ ራሱ ያደበዝዛል፣ መጀመሪያ በንጹህ ጎዝ ጥረጉትና እዩ። ዓይናችሁን በፋሻ ጥብቅ አድርጎ የሸፈነ ነገር ካለ ይሄን ሁሉ ማየት አይቻልም፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ስለሱ ጠይቁት።

ምልክቱ ካለ፣ ቁጭ በሉ እንጂ በጀርባችሁ አትዘርጉ፣ በረዶም ፋሻም አትጫኑበት፣ ለሰራችሁ ሐኪም እየደወላችሁ መንገድ ጀምሩ፣ መልሶ እስኪደውል ቤት አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና ድንገተኛ አደጋው 939 ነው፣ የጎረቤት መኪና ከነሱ የሚቀድም ከሆነ በጎረቤት መኪና። ሆስፒታል በር ላይ ካርድ ለማውጣት ሰልፍ አትያዙ፣ "የዓይን ቆብ ኦፕሬሽን ከተሰራሁ ይሄን ያህል ሰዓት ነው፣ እይታዬ እየቀነሰ ነው" በሉ፣ በትክክል በዚህ ቃል። ሐኪሙ በዓይን ጥግ በኩል፣ በጆሮ ወገን ያለውን፣ ትንሽ ቀዶ ግፊቱን ያስተነፍሰዋል፣ በማደንዘዣ መርፌ እዛው የሚሰራ ነገር ነው፣ እይታ እየጠፋ ከሆነ ሲቲ ስካን እስኪነሳ ተብሎ አይዘገይም። ያ ቁስል በኋላ ይሰፋል፣ ስለ መልኩ ያኔ አትጨነቁ።

የመጀመሪያው ሳምንት በኛ ሰፈር ኑሮ

ሐኪሞች "ከባድ ነገር አታንሺ፣ አታጎንብሺ" ብለው ይለቋችኋል፣ እኛ ሰፈር ሲመጣ ግን ይሄ ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ይዞ መውጣት ክልክል ነው፣ ባዶ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ውሃውን ሌላ ሰው ያውጣ። ሳፋ ላይ አጎንብሶ ልብስ ማጠብ የለም። ምጣድ ላይ አጎንብሶ እንጀራ መጋገር የለም፣ እንፋሎቱም ጭሱም ማጎንበሱም ሦስቱም ጠላት ነው። ለበዓል የሽንኩርት ክምር መክተፍ ለሌላ ይሰጥ። ስግደትም እንዲሁ፣ የሁዳዴ ሰጋጆችም ሶላት የምትሰግዱም ግንባር መሬት ሲነካ የጭንቅላት ደም ግፊት ወደ ፊት ነው የሚመጣው፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ቆማችሁ ወይ ወንበር ላይ ሆናችሁ ጸልዩ፣ የንስሐ አባታችሁም ሼካችሁም ለታመመ ሰው ይሄን አይከለክሉም፣ ጠይቋቸው።

ስትተኙ በጀርባ፣ ሁለት ሦስት ትራስ ተደርቦ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት። ቅዝቃዜ የመጀመሪያዎቹን 48 ሰዓታት፣ ነቅታችሁ ባላችሁበት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ገደማ፣ በረዶውን ግን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ፣ ከኦፕሬሽን በኋላ ቆዳው ስለሚደነዝዝ ሲያቃጥላችሁ አይታወቃችሁም። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘር ከቀለጠ ደግሞ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ውሃ ንጹህ ጎዝ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ሳትጫኑ ከላዩ አስቀምጡ፣ ይበቃል።

ለህመም ፓራሲታሞል። ዳይክሎፌናክ መርፌ፣ አድቪል፣ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ሐኪሙ ካላዘዘ አይወሰዱም፣ ይሄን አጥብቄ የምለው ዳይክሎፌናክ እኛ አገር ራስ ምታት ላለበት ሁሉ የሚወጋ ነገር ስለሆነ ነው። ለልብ ወይ ለስትሮክ የታዘዘላችሁ ደም ማቅጠኛ ካለ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ። የደም ግፊት ኪኒን በሰዓቱ ይዋጥ፣ ጾም ቢሆንም።

ኢንፌክሽን ቆብ ላይ ብዙ አይመጣም፣ የደም ዝውውሩ ጥሩ ስለሆነ። ከመጣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው፣ እየቀነሰ የነበረው እብጠት ተመልሶ ይጨምራል፣ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ መግል ይይዛል፣ ትኩሳት ይመጣል። ያን ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ዓይናችሁን ስታንቀሳቅሱ ካመማችሁ፣ ሁለት ከታያችሁ፣ ወይ ቆዳው ወይን ጠጅ እየሆነ ከጠቆረና በሰዓታት ውስጥ ከተስፋፋ ግን "ነገ ጠዋት" አይባልም፣ እንደመጀመሪያው ሌሊት ድንገተኛ ነው። ማርም፣ ቅቤም፣ ዳማከሴም፣ የጡት ወተትም ዓይን ውስጥም ስፌት ላይም አይደረግ፣ በፍቅር የሚያመጡላችሁ እናቶች ናቸው፣ እጃቸውን ስማችሁ "ሐኪሙ እስኪያየው" በሏቸው። ጠበል መጠጣት ይቻላል፣ ፊት ላይ መረጨት ግን ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ እስኪገጥም ይቆይ።

ኮርኒያን መጠበቅ

ከዚህ ጽሁፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ። የታችኛው ቆብ ሲወርድ መልክ ስለሚያበላሽ ሰው የሚያስበው መልኩን ነው፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከጥቁሩ የዓይን ክፍል ፊት ያለው መስታወት፣ ኮርኒያ ነው። ቆቡ በደንብ ካልተከደነ ኮርኒያው ይደርቃል፣ ከደረቀ ይላጣል፣ ከተላጠ ይቆስላል፣ ቁስሉ ጀርም ከገባው ጠባሳ ይተዋል፣ ያ ጠባሳ ደግሞ እይታ ላይ የሚቀር ነው። የወረደ ቆብ በኋላ ሊስተካከል ይችላል፣ ጠባሳ የያዘው ኮርኒያ ግን ቀላል አይደለም።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዓይን ሙሉ በሙሉ አለመከደኑ የተለመደ ነው፣ ቆቡ ስላበጠና ጡንቻው ስለደከመ ነው፣ አብዛኛው በራሱ ይስተካከላል። ግን እኛ ያለነው ከባህር ጠለል 2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ዳር ሰፈር ደግሞ ያልተነጠፈ መንገድ ስላለ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራ ነው፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በኩል ደግሞ ንፋሱ አለ፣ ቤት ውስጥ ከሰልና እጣን አለ። ስለዚህ ኢስታንቡል "በቀን አራቴ" የተባለ ጠብታ እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ሰው ሰራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ወይ ሃይፕሮሜሎስ የሚል ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ በላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ፕሪዘርቫቲቭ (ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ኬሚካል) የሌለውን ፈልጉ፣ በትንንሽ ነጠላ ፕላስቲክ የሚመጣው ነው፣ ፕሪዘርቫቲቩ ራሱ ሲበዛ ኮርኒያን ይቆጣል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ወፈር ያለ የዓይን ቅባት፣ ቆቡን በጣት ዝቅ አድርጋችሁ ውስጠኛው ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል። እይታ ያደበዝዛል፣ ስለዚህ አልጋ ላይ ሆናችሁ ነው የሚደረገው።

እና አሁን ፋርማሲ ላይ የምትጠነቀቁት፣ "ዓይኔ ቀላ፣ አሳከከኝ" ስትሉ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ በቀላሉ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ወዲያው ያቀልላል፣ ለዛ ነው ሰው የሚወደው። ግን ስቴሮይድ ነው፣ መቅላትና እብጠት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት፣ ሳይለካ ለሳምንታት ሲደረግ የዓይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራል፣ ግላኮማ (ግፊቱ የዓይን ነርቭን ሲጎዳ) እና ሞራ ያመጣል፣ ኮርኒያው ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ያባብሰዋል። ሐኪም አይቶ ግፊት ለክቶ ካዘዘው ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ካልሆነ አትንኩት። ቴትራሳይክሊን ቅባት ሁላችንም ቤት አለ፣ የትራኮማ ዘመቻ ያስለመደን ነው፣ ግን አንቲባዮቲክ ነው እንጂ የድርቀት መድኃኒት አይደለም። ስለ ትራኮማ ካነሳን፣ ገጠር ያደጋችሁና ልጅነታችሁን የዓይን ማዝ ያሰቃያችሁ ሰዎች ለሐኪሙ ንገሩት፣ ትራኮማ ቆቡን ከውስጥ አጠባብሶ እንባ ሊያሳንስ ስለሚችል ከኦፕሬሽን በኋላ ድርቀቱ ሊበረታባችሁ ይችላል።

ሌሊት ዓይናችሁ መከደኑን እናንተ ልታውቁ አትችሉም። እንቅልፍ ከወሰዳችሁ በኋላ ቤተሰብ በስልክ መብራት፣ ፊታችሁ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ከጎን አድርጎ፣ ከቆቦቹ መሀል ነጭ መስመር ይታይ እንደሆነ ይይ፣ ፎቶም ያንሳ። ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ክፍት ከሆነ ቅባቱ የግድ ነው፣ ሐኪሙም ቆቡን ሌሊት በቴፕ መዝጋት ያሳያችኋል። ቴፑ የቁስል ማያያዣ ስስ የወረቀት ቴፕ ነው እንጂ ማንኛውም ፕላስተር አይደለም። ቆዳው ደርቆ፣ ቅባቱ ከቆዳው ላይ ተጠርጎ፣ ከታችኛው ቆብ የውጭ ጥግ ተይዞ ወደ ላይና ወደ ጆሮ ግንድ ይሳባል፣ ሽፋሽፍቱን ወይ ዓይኑን እንዳይነካ። ቴፑ ተላቆ ዓይን ውስጥ ገብቶ ካደረ ከችግሩ ይብሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክሊኒክ ውስጥ አንዴ በዓይናችሁ ፊት አሰርታችሁ ተማሩት።

ቀን ሲወጣ ሰፋ ያለ መነጽር፣ ጎኑም የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል፣ ባጃጅ ውስጥ ከንፋሱ በተቃራኒ ጎን ተቀመጡ። ቡና ሲቆላ ውጭ ይቆላ፣ ወይ እናንተ ሌላ ክፍል ሁኑ። ሲጋራና ሺሻ ያለበት ቤት አትቀመጡ፣ ቁስል መዳንንም ያዘገያል።

ዓይናችሁ ውስጥ አሸዋ ያለ ያህል ቆርቁሮ ጠብታ ሲደረግ ከተሻለው ድርቀት ነው። ጠብታ ተደርጎም ህመሙ ካልተሻለ፣ ብርሃን ማየት ካቃታችሁ፣ እይታው ዓይን ሲርገበገብ ካልጠራ፣ ወይ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካያችሁ በዛው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ፍሎረሲን የሚባል ብርቱካናማ ቀለም አድርጎ በሰማያዊ መብራት ሲያየው ቁስል ካለ አረንጓዴ ሆኖ ይታየዋል፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ነጩ ሲያብጥ

የዓይን ነጩ ሽፋን ውሃ ቋጥሮ፣ አሳላፊ ሆኖ፣ አንዳንዴ ከቆቡ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል፣ ኬሞሲስ ይባላል። ሲያዩት ያስደነግጣል፣ እይታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ፈሳሹ የሚመለስበት መንገድ በኦፕሬሽኑ ስለተረበሸ ነው፣ ድርቀት ደግሞ ያባብሰዋል፣ ሲደርቅ ያብጣል፣ ሲያብጥ ቆቡ አይከደንም፣ ቆቡ ሳይከደን ይደርቃል። ዑደቱን የሚቆርጠው ያው ጠብታና ቅባት ነው። ብዙው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ከስድስት ሳምንት በላይ ይወስዳል። ካልቀነሰ ሐኪሙ የስቴሮይድ ጠብታ ለአጭር ጊዜ ሊያዝ፣ ዓይኑን ለትንሽ ጊዜ በፋሻ ሊያስር፣ ወይ ሽፋኑን ትንሽ በስቶ ፈሳሹን ሊያወጣው ይችላል። በመርፌ ራሳችሁ ለመብሳት የምታስቡ እንዳትኖሩ፣ አደራ።

ቆቡ ወደ ታች ሲጎተት

ጤነኛ የታችኛው ቆብ ጠርዙ የጥቁሩን ክፍል የታች ጫፍ ይነካል። ቀጥ ብላችሁ ስታዩ ከጥቁሩ በታች ነጭ ከታየ ቆቡ ወርዷል፣ ሪትራክሽን ይሉታል። ጠርዙ ከዓይን ኳሱ ተላቆ ወደ ውጭ ከተገለበጠና የውስጡ ቀይ ከታየ ደግሞ ኤክትሮፒየን ነው፣ እንባ ጉንጭ ላይ የሚፈሰው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱ ራሱ ቆቡን ስለሚያከብደው የሁለተኛ ሳምንት መስታወት እውነቱን አይናገርም።

በየሳምንቱ ፎቶ አንሱ፣ ጠዋት፣ እዛው መስኮት አጠገብ፣ ስልኩ በዓይን ቁመት ላይ ሆኖ፣ ፊታችሁ ሳይስቅ። አንዱን ቀጥ ብላችሁ፣ አንዱን ወደ ላይ እያያችሁ፣ አንዱን ዓይን ጨፍናችሁ። መስታወት በየሰዓቱ ማየት ግን ያሳምማል፣ ለውጥም አያሳይም።

ምን እንደጎተተው ደግሞ በከፊል ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ወደ ላይ እያያችሁ አፋችሁን በደንብ ክፈቱ፣ ቆቡ ይበልጥ ወደ ታች ከወረደ ቆዳው አጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ (ቁስሉ ከዳነ፣ ሐኪሙም ከፈቀደ በኋላ) በንጹህ ጣት ቆቡን ከጉንጭ በኩል ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉት፣ በቀላሉ ከወጣ ቆቡ ላልቷል፣ የሆነ ነገር ይዞት እምቢ ካለ ውስጡ ጠባሳ አለ። እነዚህ ሦስቱ፣ ቆዳ ማነስ፣ መላላትና የውስጥ ጠባሳ፣ ህክምናቸው የተለያየ ስለሆነ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለባችሁ።

በነዚህ ወራት የሚደረገው ማሳጅ ነው፣ ሐኪሙ ጀምሩ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ። እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ አመልካች ጣት ከሽፋሽፍቱ ስር ወደ ውጭ ጥግ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል፣ ቆቡ ወደ ላይና ወደ ጆሮ ግንድ ይገፋል፣ 10 ሴኮንድ ያህል ተይዞ ይለቀቃል፣ ይደገማል፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ። የሚገፋው ቆቡ ነው እንጂ የዓይን ኳሱ አይጫንም። ወደ ታች መፈተግ ፈጽሞ የለም፣ ፎጣም ስትጠቀሙ ከታች ወደ ላይ። ዓይን ጭምቅ አድርጎ መጨፈንና መክፈትም ጡንቻውን ያጠነክረዋል። ሌሊት ቴፑ። ጠባሳው ጠንካራ ከሆነ ሐኪሙ ስቴሮይድ ወይ ፋይቭ ኤፍዩ የሚባል መድኃኒት ጠባሳው ውስጥ ሊወጋ ይችላል፣ ይሄ እጁ የለመደ ሰው ብቻ የሚሰራው ነው።

ማስተካከያ ኦፕሬሽን ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል፣ ጠባሳ መጀመሪያ ጠንክሮ በኋላ ስለሚለሰልስ ነው፣ በጠነከረበት ሰዓት የነካው ሰው ሌላ ጠባሳ ይጨምርበታል። ኮርኒያው አደጋ ላይ ከሆነ ግን ስድስት ወር የሚባል ነገር የለም፣ ቆቡ ለጊዜው በስፌት በከፊል ይዘጋል ወይ ቶሎ ይስተካከላል። ይሄን ልዩነት ለሚያያችሁ ሐኪም ሁሉ አንሱለት። ስድስት ወር መጠበቅ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ "ምን ሆነሽ ነው" የሚል አይጠፋም፣ ሰው ከቤት መውጣት ያቆማል። አንድ ሁለት የምታምኗቸው ሰዎች እውነቱን ይወቁ፣ እንቅልፍ ካጣችሁና ምግብ ካስጠላችሁ ደግሞ ይሄም ለሐኪም የሚነገር ነው።

ትንንሾቹ ጉዳዮች

ሁለት ሆኖ መታየት በመጀመሪያው ቀን በማደንዘዣውና በእብጠቱ ሊመጣ ይችላል፣ ህመም ወይ የእይታ መቀነስ ካለበት ግን የመጀመሪያውን ክፍል አስታውሱ። ሳምንታት ካለፉት ከስቡ መሀል የሚያልፈው የዓይን ጡንቻ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ስፌቱ መስመር ላይ የሚወጡ ነጫጭ ነጥቦች ሚሊያ ናቸው፣ ጉዳት የላቸውም፣ ሐኪሙ በቀላሉ ያወጣቸዋል። ስብ በዝቶ ወጥቶ ዓይን ስሩ ከጎደጎደ የራሳችሁ ስብ ከሌላ ቦታ ተወስዶ ወይ ፊለር (በመርፌ የሚገባ መሙያ) ሊሞላ ይችላል፣ ግን ዓይን ስር የሚወጋ ፊለር የደም ስር ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል የውበት ሳሎን ውስጥ የሚሰራ ነገር አይደለም፣ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድም አይታሰብም።

የት መሄድና ምን ይዞ

የምትፈልጉት የዓይን ሐኪም ሆኖ በቆብና በዓይን ዙሪያ ኦፕሬሽን ተጨማሪ የተማረውን ነው፣ ኦኩሎፕላስቲክ ስፔሻሊስት ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ስለሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ እዛ መጀመር ትችላላችሁ፣ ቅዱስ ጳውሎስም የዓይን ክፍል አለው። ከዳር ሰፈር የምትሄዱ በጠዋት ውጡ፣ ብሌን ማስፊያ ጠብታ ሊያደርጉላችሁ ስለሚችሉ ስትመለሱ ብርሃን ያስቸግራችኋል፣ የሚይዛችሁ ሰው ይኑር፣ መኪናም አትንዱ።

ውጭ አገር የተሰራችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለክሊኒኩ ጻፉና የኦፕሬሽን ማስታወሻውን አስልኩ። የሚያስፈልገው ይሄ ነው፦ ቀኑ፣ የተቆረጠው በቆዳ በኩል ነው ወይስ በቆቡ ውስጥ በኩል፣ ቆዳ ተቆርጦ ከሆነ ምን ያህል፣ ስቡ ወጥቷል ወይስ ቦታ ተቀይሮ ተስፍቷል፣ የውጭ ጥጉ ተጠናክሯል ወይስ አልተነካም፣ ስፌቱ የሚሟሟ ነው ወይስ የሚወጣ። ከኦፕሬሽን በፊት ያነሷችሁን ፎቶም ጠይቁ፣ የራሳችሁ የድሮ ፎቶም ይጠቅማል፣ የመታወቂያም ቢሆን፣ ቆቡ ድሮም ዝቅ ያለ ሰው አለና።

ማስተካከያ ከተወሰነ ሐኪሙ የሚያወራችሁን በዚህ ተከታተሉት፦ ቆቡ ከላላ የውጭ ጥጉ ተጠብቆ አጥንቱ ሽፋን ላይ ይሰፋል፣ ውስጡ ጠባሳ ከያዘ ጠባሳው ተለቅቆ ከአፍ ላንቃ ወይ ከጆሮ በተወሰደ ትንሽ ስጋ ወይ ልም አጥንት (ካርትሌጅ) ይደገፋል፣ ቆዳ ካጠረ ጉንጩ ወደ ላይ ይነሳል ወይ ከላይኛው ቆብ ወይ ከጆሮ ጀርባ ቆዳ ይለጠፋል። የላላና ያጠረ አንድ ላይ ካለ ጥጉን ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም፣ ስለዚህ "እኔ ላይ ያጠረው የቱ ነው፣ ጥጉን ብቻ ካጠበቃችሁት ተመልሶ አይወርድም ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን አይነት ኦፕሬሽን ምን ያህል ጊዜ እንደሰራም ጠይቁት፣ ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። የምትጠቀሙትን ጠብታና ቅባት ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የሳምንቱን ፎቶዎች በስልካችሁ አንድ ቦታ ሰብስቡ፣ ያን ቀን ጠዋት ቅባት አትቀቡ፣ ኩልም አትኳሉ።